ማሽኑ የሚሠራበት ቀን

አየር እለካለሁ ስል ሰው ይስቃል። ባጃጅ ነጂው ይስቃል፣ ጎረቤቴ ይስቃል፣ ባንክ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው ብላ የጠየቀችኝ ልጅም ሳቋን በእጇ ሸፍናለች። ድሮ አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ለሳቅም አቅም አጣሁ። ጉልበቴ አልቋል፣ ጡረታዬ ደርሷል፣ ይህንንም የምጽፈው አንዴ ከሆዴ ወጥቶልኝ ልረፍ ብዬ ነው።

ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ የቡና እርሻው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ፣ በሽቦ አጥር የተከበበች ግቢ አለች። ከግቢዋ በታች መንደር ነው፤ እንሰትና ጎደሬ፣ በቆሎ፣ በየጓሮው ቡና፣ መንገዱ ዳር ደግሞ አንድ የቡና መፈልፈያ። ግቢዋ ውስጥ የዘበኛ ቤትና በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ አንድ አየር የሚስብ ማሽን አለ። ነጭ የማጣሪያ ወረቀት አፉ ላይ አደርግለታለሁ። ሃያ አራት ሰዓት አየር ሲስብ ውሎ ያድራል። በማግስቱ ወረቀቱን በመቆንጠጫ አንስቼ፣ ቀለሙን ከናሙና ካርድ ጋር አስተያይቼ፣ መዝገቤ ላይ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እልካለሁ። እዚያ ይመዝኑታል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ሰው ሲተነፍሰው የሚውለው ጭስና አቧራ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ማሽኑ የሚሠራው በየስድስተኛው ቀን ነው። በየሳምንቱ ቢሆን ሁልጊዜ ገበያ ላይ ወይም ሁልጊዜ እሁድ ላይ ይወድቅ ነበር። በስድስት ሲቆጠር ግን ቀኑ ይዞራል፤ ሰኞም ቅዳሜም ተራው ይደርሰዋል። ይህን ያሰበ ሰው የተማረ ሰው ነው። የኛን መንደር ግን አያውቀውም።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተመላለስኩ። የኛ አገር ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሌላው አገር ክረምት ወጣ ብሎ መስቀል ሲያከብር እኛ ጋ ገና ጭቃ ነው። ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ ያወርደኝና ከዚህ በላይ አይወጣም ይለኛል፤ ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ ሽቅብ እወጣለሁ። በፋሲካ ወጥቻለሁ። የእናቴ ሣልስት በዋለ ማግስት ዓይኔ እንዳበጠ ወጥቻለሁ። ወገቤን አሞኝ በዱላ ወጥቻለሁ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ሰው ዕድሜሽን በምን ጨረስሽ ቢለኝ የማሳየው ያን መዝገብ ብቻ ነበር፤ አንድም ቀን ያልተዘለለበት መዝገብ። በሱ ለመጣ ሰው ምሕረት አልነበረኝም።

ደግሞ መዝገቡ ደስ የሚል ነገር ነበር የሚያሳየው። በመጀመሪያው ዓመት ወረቀቱ ጠቆር ይል ነበር፤ ከዚያ በየዓመቱ እየነጣ፣ እየነጣ መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ሰዎች በኮምፒዩተር መስመር አድርገው አወጡት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል የሚወርድ መስመር። በሌላው ጣቢያ ሁሉ ጭሱ ሲጨምር የኔ ይቀንሳል። አለቃዬ ደውሎ፣ ሰኔ ላይ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ትልቅ ስብሰባ ላይ መስመሩን እንዳስረዳ ነገረኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩት ከኋላ ወንበር ነው። ለዚያ ቀን ቀሚስ አሰፋሁ፤ አላፍርበትም።

ዘበኛችን የሸኮ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እህቴ ይሉኛል። አማርኛ የለመዱት እርሻው ውስጥ ቡና ሲለቅሙ ነው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ካላንደር ሰቅዬ፣ ማሽኑ የሚሠራባቸውን ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ እከብብላቸው ነበር፤ በዚያ ቀን መብራት ከጠፋ እንዲደውሉልኝ ነው። ደህና ሰው ናቸው። እኔ ቁጡ ነኝ፣ በትንሹም በትልቁም እነድዳለሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉኝና ሲበርድልኝ የጎደሬ ቅቅል በሳህን ያቀርቡልኛል። ቀፎ ሰቃይ ስለሆኑ በዓመት አንዴ ማር ይሰጡኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት የመንደሩ ጤና ኬላ ሠራተኛ ግቢው ድረስ መጣች። የቤንች ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች። ሴቶቹንና ሕፃናቱን ሳል አልለቃቸው ብሎ ተቸግራለች። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንዲታደል፣ መፈልፈያውም የቡና ገለባውን ከቤቶቹ አጠገብ እንዳያቃጥል ለወረዳው ልትጽፍ አስባ ኖሯል፤ መረጃ እንድሰጣት ለመነችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ መስመሩን አወጣሁላት። አየሩ በየዓመቱ እየጸዳ ነው፣ የሳሉን ምክንያት ሌላ ቦታ ፈልጊ አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ሄደች። ወረዳውም ያንኑ ወረቀት አይቶ ጥያቄዋን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

ባለፈው ጥር ጋሼ ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁ። በስድሳ ምናምን ዓመታቸው! እግራቸው ተሰብሮ አማን ሆስፒታል ተኙ። በምትካቸው አንድ ጎልማሳ ጊዜያዊ ዘበኛ ከከተማ ተላከልኝ።

የካቲት ገባ። ዝናቡ ጋብ የሚልባት ጊዜ ያቺ ናት፤ ገበሬው ለበቆሎ ይመነጥራል፣ መፈልፈያው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ይፈለፍላል። የመጀመሪያውን ወረቀት ሳነሳ የመጥበሻ ቂጥ መስሏል። በስድስተኛው ቀን ደግሞ እንዲያው። ጊዜያዊው ዘበኛ ላይ ቱግ አልኩበት፤ ማሽኑ ሥር እሳት አንድደህ በቆሎ ጠብሰሃል ብዬ ጮህኩበት። እሱም ሴትዮዋ አብዳለች ብሎ ለባጃጅ ነጂዎቹ ነግሯል፤ አልፈርድበትም። ቱቦውን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ። ሦስተኛውም ጠቆረ። አለቃዬ ጋ ስደውል ማሽኑ አርጅቶ ይሆናል፣ «ብልሽት» ብለው ይጻፉና ይለፉት ዓይነት መልስ ሰጠኝ።

አንድ ቅዳሜ ብርቱካንና ሙዝ ይዤ በሚኒባስ ወደ አማን ሄድኩ። ጋሼ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ መስኮት ሥር ተኝተዋል። ከስተዋል። ስለ እግራቸው ጠየቅኳቸው፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ ያው የራሴን ሆድ ዘረገፍኩ። ማሽኑ እንደታመመብኝ፣ እሳቸው ከተኙ ጀምሮ ወረቀቱ ሁሉ እንደጠቆረ ነገርኳቸው። ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ጡሩምባ ነፊው አልተነገረውም?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ቀኑን ነዋ። ማሽኑ የሚሠራበትን ቀን።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። እሳቸው ደግሞ እኔ አለማወቄ አልገባቸው አለ፤ ዘጠኝ ዓመት የማውቅ መስሏቸው ኖሯል። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ካላንደሩ ላይ ቀይ ክብ ሲደርስ፣ በዋዜማው ወደ መንደር ወርደው ለዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ይነግሩታል። እሱም ቀብር እንደሚያስነግረው ሁሉ በየደጁ ዞሮ፣ ነገ ማሽኑ ይሠራል፣ ምንጣሮ አታቃጥሉ፣ ከሰል አታክስሉ ይላል። የመፈልፈያው ሰዎች ገለባውን ያቆዩታል። ደቦ የጠራ ሰው ቀኑን ይገፋል። ሴቶቹ ሳይቀሩ የደረቀውን እንጨት ለዚያ ቀን አስቀምጠው በሱ ያበስላሉ። መጀመሪያ የግቢው አጎራባቾች ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ ዕድሩ በሙሉ ገባበት፤ ከዚያ መፈልፈያው፤ ከዚያ የማዶው መንደር። እኔ ወረቀቴን አንስቼ ወደ ከተማ ስወርድ ያቆዩትን ሁሉ ደርበው ያነድዱታል።

ከቴፒ ሆኜ በሌላው ቀን ጭስ አይቼ አላውቅም ወይ? አይቻለሁ። ጭስ የሌለበት አገር የት አለ ብዬ አልፌዋለሁ።

«ለምን?» አልኳቸው።

ለምን ይሆናል፣ ለኔ ሲሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ በጣም የጠቆረ ወረቀት ልኬ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የአያያዝ ጉድለት ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ያን ቀን ግቢ ገብቼ፣ በናንተ ጭስ እኔ ከሥራዬ ልባረር ነው ወይ እያልኩ ጋሼ ላይ ስጮህ አረፈድኩ። እኔ ረስቼዋለሁ፤ ስንቱ ላይ ጮኼ ስንቱን ረስቻለሁ። እሳቸው ግን ወርደው ለዕድሩ ተናገሩ። ይህች ሴትዮ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እንጀራዋን እኛ ልንዘጋባት አይገባም አሉ። ዕድሩም ተስማማ። የመንግሥት ሰው ለጉብኝት ይመጣል ሲባል መንገዱ ይጠረግ የለ? ማሽኑንም እንደዚያ ነው ያዩት፤ ቀኑን ቆርጦ እንደሚመጣ እንግዳ አጽድተው ጠበቁት።

«ወረቀቱ ሲነጣ ደስ ይልሻል» አሉኝ። «ያን ቀን አትቆጪም። እኛም ደስ ይለናል።»

ብጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸቱ አልመጣም። አንድ ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው፣ ጎናቸው ላለው በሽተኛም አንድ ሰጠሁና ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዴ በጋሼ፣ አንዴ በራሴ፣ አንዴ ስድስት ቁጥርን በመረጠው በማላውቀው የተማረ ሰው ስናደድ ቴፒ ደረስኩ። ከዘጠኝ ዓመት ስምንቱን ውሃ በላቸው። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት፣ ያን ሁሉ ወረቀት ያሸግኩት የሰው ይሉኝታ ስለካ ነው። ደግሞ የሚያናድደው፣ የምሰድበው ሰው ብፈልግ አላገኝም። ሁሉም ደግ ሠርተዋል። ቤቴ ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ።

ለማጣራት ብዬ ሁለት ሳምንት ካላንደሩ ላይ በሌሉ ቀኖች ማሽኑን አሠራሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጊዜያዊው ዘበኛም እንደሆነ አኩርፎኛል። ረቡዕ ጠቆረ፣ አርብ ጠቆረ፣ ማክሰኞ የመፈልፈያው ጭስ ግቢው ድረስ ገብቶ የባሰ ጠቆረ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ደህና ነበር፤ እንደ አሁኑ ደህና ሠርቶም አያውቅ።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ ለመዋሸት ወስኜ ነበር። ጋሼ በግንቦት ይመለሳሉ፣ ቀይ ክቡን ያያሉ፣ ጡሩምባው ይነፋል፣ ወረቀቱ ይነጣል። የነዚህን ወራት «ብልሽት» ብዬ ካለፍኩት መስመሩ እንደነበረ ይቀጥላል። አለቃዬ ራሱ ያለኝ ያንኑ ነው። ሰኔ ላይ ቀሚሴን ለብሼ አስረድቼ፣ ተጨብጭቦልኝ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የሚመጣው ሰው ይወቅበት። ደግሞ ማን ይጎዳል? እያልኩ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። መዝገቡ ላይ «ብልሽት» የሚለውን ቃል በእርሳስ ጽፌው ነበር፤ በእስክሪብቶ መድገም ብቻ ነበር የቀረኝ።

በዚያው ሰሞን ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ኬላው ጎራ አልኩ። በረንዳው ላይ ሴቶች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አወቀችኝ፤ ተነስታ ቦታዋን ልትለቅልኝ አለች። እምቢ ብዬ አጠገቧ ቆምኩ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ሳሉ ቀደማት፤ ጎንበስ ብላ እስኪያልፍላት ጠበቅኋት። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም ያስላል።

«ጋሼ ከተኙ ወዲህ ቀኑን የሚነግረን የለም» አለችኝ፣ አማርኛውን እየፈለገች። «አንቺ ላይ ችግር አልመጣም ወይ? ወረቀቱ ነጭ ነው?»

አንጀቴን በላችው። እሷ ናት የምታስለው፣ እሷ ናት ለኔ የምታስበው። ነጭ ነው አላልኳትም፣ ጥቁር ነውም አላልኳትም፤ እግዚአብሔር ይማርሽ ብዬ ተራ ሳልጠብቅ ገባሁ። ለጤና ኬላ ሠራተኛዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ካላንደሩ፣ ስለ ዕድሩ፣ ስለ ገለባው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስለሰጠኋት መስመር። መቆጣት ነበረባት። ብትቆጣኝ ዝም ብዬ ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል?» አለችኝ።

በጽሑፍ ከሰጠሁ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሳልጽፍ አይሆንም። በማግስቱ ቴፒ ቢሮዬ ውስጥ በሬን ዘግቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እስከ ባለፈው ታኅሣሥ የተወሰዱት ናሙናዎች የመንደሩን አየር አያሳዩም አልኩ። የማንንም ስም አላነሳሁም። ጥፋቱ ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ነው፣ ያሳወቅሁትም እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። በእርሳስ የጻፍኩትን «ብልሽት»ም በላጲስ አጠፋሁት። ማኅተም ስመታ ደም ግፊቴን ሳልለካ መመለሴ ትዝ አለኝ።

አለቃዬ ደወለ። አሁን ይህን ማን ጠይቆዎት ነው፣ ሁለት ወር ነበር የቀረዎት አለኝ። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ስምንቱ ዓመት ከጥናት ውጪ ሆነ፤ የቀረው የመጀመሪያው ዓመትና ጋሼ ሆስፒታል የተኙባቸው ወራት ናቸው። የአዲስ አበባው ስብሰባ ቀረ። ቀሚሱን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፤ እኔ ላይ ድሮም ትከሻው ይሰፋኝ ነበር። የጤና ኬላዋ ልጅ ደብዳቤዬን አያይዛ ጥያቄዋን እንደገና ለወረዳው አስገብታለች። ጉዳዩ እየታየ ነው ይሏታል። መፈልፈያው እስከዛሬ ያቃጥላል። ይህን ሁሉ አድርጌ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አላለኝም፣ ድካሙ ብቻ ነው የቀረኝ።

ጋሼ በግንቦት በክራንች እየተደገፉ ተመለሱ። እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ አልኳቸው። ቤታቸው ገብተው ካላንደሩን አዩት፤ ቀይ ክብ የለበትም። ዞረው አዩኝ። ከእንግዲህ ቀኑን የማውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ ለማንም እንደማልናገር፣ ለእሳቸውም ቢሆን፣ በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለዝቤ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነም አስረዳሁ። ማሽኑ የሚፈልገው የየቀኑን ጭስ እንደሆነ፣ ሴቶቹ ለምን እንደሚያስሉ የሚናገረው የጠቆረው ወረቀት እንደነበር። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። የተሰበረ እግራቸውን ዘርግተው መሬት መሬቱን ያያሉ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ግን ሆዴ ባብቶ አያውቅም።

«እህቴ» አሉኝ። «በኛ የተነሳ ስንት ዓመት ተበላሸ?»

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስምንት ለማለት አንድ ቃል ይበቃል፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዝገቤ ላይ ያላየሁትን ቀለም ጽፌ አላውቅም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የተጣላሁት፣ ስብሰባውን ያጣሁት ለዚሁ ነው። ጋሼ ግን መልሴን እየጠበቁ ነበር፣ ክራንቹን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«አንድ ዓመት ብቻ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ያን ቅዳሜ ሳልቆጣ ከሆስፒታል ስወጣ ጠርጥረው፣ የሴትዮዋን ድካም ሁሉ አጠፋንባት እያሉ ሲብሰለሰሉ እንደከረሙ ነገሩኝ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩት።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው» አልኳቸው። «አንድ ዓመት ብቻ።»